ስለ ተዋሱት ዜማ

በ1961 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሎንዶን ወጣ ብላ በምትገኘው በዳርትፎርድ ከተማ ባቡር ጣቢያ ሁለት ወጣቶች ተገናኙ። በልጅነታቸው ይተዋወቁ ነበር፤ ከተለያዩ ግን ዓመታት አልፈው ነበር። አንደኛው፥ ሚክ ጃገር፥ በብብቱ ሸክላዎች ይዞ ነበርና የሁለተኛውን፥ የኪት ሪቻርድስን፥ ዓይን የሳቡት እነዚያ ናቸው። ሸክላዎቹ የቸክ ቤሪና የመዲ ዋተርስ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሱቅ በቀላሉ የማይገኙ ስለ ሆኑ ጃገር ከቺካጎ በፖስታ ያስመጣቸው ነበር።

በሚከተለው ዓመት ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የሮክ ሙዚቃ ጓድ ተቋቋመ። ስሙ የተወሰደው መዲ ዋተርስ በ1950 ዓ.ም. ካስቀረጸው ዘፈን ነው። በ1964 ዓ.ም. ባወጡት በመጀመሪያው አልበማቸው ውስጥ ካሉት 12 ዘፈኖች የሚበዙት ሌሎች ሰዎች አስቀድመው የዘፈኗቸው ነበሩ። የዜማዎቹ ባለቤቶች በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በጥጥ እርሻ ሲደክሙ አድገው እንጀራ ፍለጋ ወደ ቺካጎ የወጡ ነበሩ። በገዛ አገራቸው የነጮች ሬዲዮ እምብዛም አያሰማቸውም ነበርና የእንግሊዝ ልጆች ያወቋቸውን ያህል የጎረቤቶቻቸው ልጆች አላወቋቸውም። በ1965 ዓ.ም. ስቶንሶች በአንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በተጠሩ ጊዜ ሃውሊን ዎልፍ አብሮ እንዲቀርብ ጠየቁ፤ እርሱ ሲዘፍንም ከእግሩ ሥር ተቀምጠው አደመጡት።

ይህ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ማክበር አንድ ነገር ነው፤ የባለቤቱን ስም በትክክል መጻፍ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን በደራሲው ፈቃድ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ከወጣ በኋላ ማንም ሰው የተወሰነውን ዋጋ እየከፈለ ደግሞ ሊያስቀርጸው ይችላል። ሕጉ በ1909 ዓ.ም. ሲወጣ ዋጋው ለአንድ ቅጂ ሁለት የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ከ9 ሳንቲም ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። ይህም የሚከፈለው ለደራሲው ነው እንጂ አስቀድሞ ለዘፈነው ሰው አይደለም። እንግዲህ በሸክላው ላይ የሚጻፈው ስም የክብር ነገር ብቻ አይደለም፤ እንጀራም ነው።

ሮበርት ዊልኪንስ የተባሉት የሚሲሲፒ ሰው በ1929 ዓ.ም. አንድ ዓለማዊ ዘፈን በጊታር አስቀርጸው ነበር። በኋላ ዓለማዊውን ዘፈን ትተው ሰባኪ ሲሆኑ ዜማውን አልጣሉትም፤ ቃሉን ለውጠው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለውን የጠፋውን ልጅ ታሪክ አገቡበት። ስቶንሶች በ1968 ዓ.ም. ይህን ዘፈን ቤገርስ ባንኬት በተባለው አልበማቸው ዘፈኑት፤ በመጀመሪያው እትም ግን ደራሲዎቹ ጃገርና ሪቻርድስ ናቸው ተብሎ ወጣ። የአባቱን ገንዘብ ስላባከነው ልጅ የሚናገረው መዝሙር ራሱ ከአባቱ ስም ተለይቶ ወደ ሩቅ አገር ሄደ ማለት ነው። የዊልኪንስ ስም የተመለሰው ከዚያ በኋላ በወጡት እትሞች ነው።

በ2015 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር የጓዱ ሰዎች የራሳቸውን አዲስ ዘፈን ለማስቀረጽ በሎንዶን በብሪቲሽ ግሮቭ ስቱዲዮ ተሰበሰቡ። የክፍሉ ድምፅ ግን አልገጠማቸውም። ጆሮአቸው እንዲለምደው ሪቻርድስ አንድ የሊትል ዋልተር ዘፈን እንምታ አለ፤ መቱት፤ ተሳካ። ከዚያ በኋላ ጃገር ሌላ ጨመረ፤ ሌላም ተከተለ። በሦስት ቀን ውስጥ 12 የብሉዝ ዘፈኖች ተቀረጹ፤ ከነርሱ አንዱም የራሳቸው አልነበረም። አልበሙ በ2016 ዓ.ም. ብሉ ኤንድ ሎንሰም ተብሎ ሲወጣ ከዘፈኖቹ ሁለቱ የዊሊ ዲክሰን ድርሰት ነበሩ፤ አራቱ ደግሞ ከሊትል ዋልተር ሸክላዎች የተወሰዱ ናቸው። ከአራቱ አንዱን ሊትል ዋልተር ራሱ ከባዲ ጆንሰን የወሰደው ነበር፤ መዋስ እንግዲህ በሮክ ሰዎች አልተጀመረም።

አዲስ ነገር ቢያልቅባቸው ወደ አሮጌው ተመለሱ ያሉ ሰዎች አልጠፉም። ነቀፋው መሠረት የለውም አይባልም፤ አዲስ ድርሰት የሞላበት አልበም ካወጡ 11 ዓመት ሆኗቸው ነበርና። ደግሞም ከ12ቱ ዘፈኖች ከመጀመሪያው የሚበልጥ አንድ ስንኳ አይገኝም፤ ኦቲስ ረሽ በ1956 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ባስቀረጸው ዘፈን ያሰማውን ጩኸት፥ ኤሪክ ክላፕተን በጊታር ቢያግዛቸውም፥ ሊደርሱበት አልቻሉም። ነገር ግን የጃገርን ሃርሞኒካ ያደመጠ ሰው ሌላም ነገር ይሰማል። በሌላው ሥራው ሁሉ ራሱን ማሳየት የሚወድ ይህ ሰው በዚህ አልበም፥ መምህሩ ካለው አልፎ አልሄድም እንደሚል የዜማ ተማሪ፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይነፋል። ሊትል ዋልተር በ1968 ዓ.ም. ሲሞት 37 ዓመቱ ነበር፤ ጃገር የርሱን ዘፈን በዚያ ስቱዲዮ ሲዘፍን 72 ዓመቱ ነበር። በሃያ ዓመት ዕድሜ ስለ ብቸኝነትና ስለ እርጅና ሲዘፍን ብድር የነበረው ቃል በዚህ ጊዜ የገዛ ጉሮሮው ሆኗል።

አልበሙ በ2018 ዓ.ም. ግራሚ የተባለውን ሽልማት አገኘ። ኦቲስ ረሽም ዘፈኑ ደግሞ ሲወጣ በሕይወት ነበረና በዚያው በ2018 ዓ.ም. ዐረፈ። ከበሮ መቺው ቻርሊ ዋትስ በ2021 ዓ.ም. ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሃክኒ ዳይመንድስ የተባለው አልበማቸው በወጣ ጊዜ የመጨረሻው ዘፈን የመዲ ዋተርስ ነበረ፤ ስማቸውን የሰጣቸው ያው ዘፈን። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አስቀርጸውት አያውቁም ነበር። ሁለቱ ብቻቸውን፥ አንደኛው በጊታር ሁለተኛው በሃርሞኒካ፥ ተጫወቱት።