የአንዲት ከተማ በዓል

ኮምፒዩተር ላይ ያለ የቀን መቁጠሪያ በዓላትን ሊያስገባ ሲል አስቀድሞ የሚጠይቀው አገርን ነው። «ጀርመን» ብሎ ለመረጠ ሰው የጀርመን በዓላት ተዘርዝረው ይመጡለታል። አውግስቡርግ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ይህ ጥያቄ ለዚህ አገር እንደማይበቃ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጀርመን 16 ክልሎች አሏት፤ በዓል የመደንገግ ሥልጣንም በዋናው የክልሎቹ ነው። በፌዴራል ደረጃ የታወጀው ኦክቶበር 3 ብቻ ነው፤ በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች የተዋሐዱበት ቀን። ሌሎቹን ስምንት የጋራ በዓላት እያንዳንዱ ክልል በየራሱ ሕግ ስላጸደቃቸው ነው አገር ሁሉ የሚዘጋባቸው። ከዘጠኙ ውጪ ያለው እንደየአካባቢው ነው። በርሊን ከ2019 ጀምሮ ማርች 8ን፣ የሴቶችን ቀን፣ ታከብራለች። ቱሪንገን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 20ን ለሕፃናት ሰጠች። ከሁሉ የሚገርመኝ የዛክሰን ነው። በ1995 ለእንክብካቤ መድን ወጪ ማካካሻ ሲባል የንስሐና የጸሎት ቀን የሚባለው የኅዳር ረቡዕ በሌሎቹ ክልሎች ሲሰረዝ ዛክሰን አልሰርዝም አለች። በዚህም የተነሣ የዛክሰን ሠራተኛ ለመድኑ ከደሞዙ የሚቆረጥበት ከሌላው ክልል ሠራተኛ ይበልጣል። ሰው ለአንዲት ረቡዕ ብሎ እስከ ዛሬ ከኪሱ ይከፍላል። ያቺን ቀን ለሥራ ባዶ አድርጎ የሚያሳይ ካላንደር የዛክሰንን ሰው መብት ዘንግቷል ብዬ አምናለሁ።

የምሠራበት ቢሮ ባልደረቦች በተለያዩ ክልሎች ስለምንኖር የጋራ ካላንደራችን ላይ የየአካባቢውን በዓል የማስገባቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ሥራው ያለ ፕሮግራመር ይሠራል። አብዛኞቹ የካላንደር ፕሮግራሞች አይካለንደር የሚባለውን የፋይል ዓይነት ያነባሉ፤ ደንቡ በ1998 ወጥቶ በ2009 የታደሰ ነው። ፋይሉ በማንኛውም የጽሑፍ መክፈቻ ይከፈታል። የበዓሉ ስም፣ የሚጀምርበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ በየዓመቱ ይደገም የሚል መስመር፤ ይኸው ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ያሻል። ቀኑን ሙሉ የሚውል በዓል የሚያበቃበት ቀን ተብሎ የሚጻፈው ማግስቱ ነው፤ ለኦገስት 8 በዓል ኦገስት 9 ይጻፋል።

ከባዱ ፋሲካን ተከትለው የሚሄዱት በዓላት ናቸው። በፋይሉ ደንብ ውስጥ «ከፋሲካ በኋላ በ39ኛው ቀን» የሚያሰኝ ትእዛዝ የለም፤ በየዓመቱ ይደገም ቢሉትም ቀኑ አይገኝም። ስለዚህ የየዓመቱን ፋሲካ አስልቶ፣ ስቅለትን ሁለት ቀን ወደ ኋላ፣ ዕርገትን 39፣ የቅዱስ ቁርባንን በዓል 60 ቀን ወደ ፊት ቆጥሮ አንድ በአንድ መጻፍ ግድ ነው። ባሕረ ሐሳብ ሲወጣ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። ጾሙም በዓሉም በፋሲካ ተጎትቶ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ያውቃል። የእነሱ ፋሲካና የእኛ ፋሲካ ስሌታቸው ቢለያይም በ2025 ኤፕሪል 20 ላይ ተገናኝተው ነበር።

እኔ በምኖርበት በባየርን ደግሞ ክልሉ ራሱ ይከፋፈላል። ኦገስት 15፣ ፍልሰታ ለማርያም፣ በዓል የሚሆነው ካቶሊኮች በሚበዙባቸው ማዘጋጃ ቤቶች ብቻ ነው፤ ከ2,056ቱ 1,700 ያህሉ ውስጥ ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ በሕዝብ ቆጠራ ይለያል። በአንዱ ከተማ ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ በጎረቤቱ ክፍት ሊሆን ይችላል። ለአገሮችና ለክልሎች የተሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ ኮድ ግን ባየርን ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ያለችው ከተማ ኮድ የላትም። ኮድ የሌላት ከተማ ደግሞ ከፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ የምትመረጥበት መንገድ የለም።

አውግስቡርግ ያለችው እዚህ ላይ ነው። ኦገስት 8 የሰላም በዓል የሚከበረው በመላው ጀርመን በዚህች ከተማ ብቻ ነው። በ1629 በዚያ ቀን ፕሮቴስታንቶች በከተማው ውስጥ አምልኮ ተከለከሉ፤ ሰባኪዎቻቸው ተባረሩ። ከሠላሳው ዓመት ጦርነት በኋላ፣ የ1648ቱ ሰላም መብታቸውን ሲመልስላቸው፣ በ1650 ያንኑ የተከለከሉበትን ቀን የምስጋና ቀን አደረጉት። ከ1950 ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል ነው፤ በዚህም ከተማዋ 14 በዓላት ይዛ ከጀርመን ከተሞች ሁሉ አንደኛ ናት።

ከዚያም በፊት ከተማዋ በቀን መቁጠሪያ ምክንያት ተጣልታ ታውቃለች። በ1583 ካቶሊኮች የሚመሩት ምክር ቤት የጳጳሱን የጎርጎርዮስን አዲስ አቆጣጠር ሲያስገባ አብዛኛው ነዋሪ ፕሮቴስታንት ነበርና እንቢ አለ፤ በ1584 አንድ ሰባኪ ሊባረር ሲል ሕዝቡ ተነሣ። የበዓሌን ቀን ማንም አይቀይርብኝም ማለት ምን እንደሆነ እኔ ከመጣሁበት አገር ለወጣ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በበዓሉ ቀን በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ረጃጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል። ሰው ከቤቱ ያመጣውን ያስቀምጥና ከማያውቀው ጋር ይካፈላል። ቀኑ በእኛ ነሐሴ 2 ስለሆነ በፍልሰታ ጾም ላይ ይውላል፤ ምስር ወጥና እንጀራ ይዤ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ወጡን ቀምሰው ሥጋ ለምን እንደሌለበት ሲጠይቁኝ ጾም መሆኑን ነገርኳቸው፤ ለማን እንደሚጾም ጠየቁ፤ ለማርያም ስላቸው «እኛም በሳምንት ውስጥ በዓሏ ነው» አሉ። በዚያው ሰዓት የሌኽን ወንዝ ተሻግሮ ፍሪድበርግ ውስጥ ሱቁ ሁሉ ክፍት ነበር።

የአውግስቡርግን ቀን ለብቻው ፋይል አድርጌ ለባልደረቦቼ ላክሁ። ኦገስት 8 ስብሰባ ለመጥራት አስቦ የነበረው የበርሊኑ ባልደረባችን ቀኑን በራሱ አዛወረው፤ ማርች 8 ላይ ማንም እንዳይጠራው ብሎ የበርሊንንም ፋይል ጠየቀኝ።

ከዚያ የአገር ቤቱን ጀመርኩ። ሴፕቴምበር 11ን በየዓመቱ ይደገም ብሎ እንቁጣጣሽን ያስገባ ሰው ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ይሳሳታል፤ በ2023 ሴፕቴምበር 12 ነበር። መስቀልና ጥምቀትም አብረው ይገፋሉ። ገና ግን በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ከጃንዋሪ 7 አይነቃነቅም። ይህን ሁሉ በስሌት ጻፍኩት። የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ ላይ ስደርስ ስሌቱ አለቀ። በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ የዘመን መለወጫ ቀኑ የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉት አባቶች የከዋክብትን አካሄድ አይተው ሲናገሩ ነው። ከአውግስቡርግ ሆኜ ልጽፈው አልችልም። ሐዋሳ ለሚኖር ወዳጄ ባዶውን ፋይል ላክሁለት፤ አባቶች ቀኑን ሲነግሩ እሱ ይሞላዋል።