ያላነበብኩት ግማሽ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የጋዜጠኝነት ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔም አንደኛ ዓመት ሳለሁ ቢያንስ በሁለት የፈተና ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። የገባኝ ግን ክፍል ውስጥ ሳይሆን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቀን ቀን እንጨት ቤት ይሠራል። ማታ ማታ ደግሞ ጓሯችን ውስጥ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ፣ ሲኤንሲ የሚሉትን ማሽን፣ በገዛ እጁ ይገጣጥማል። ሊሸጠው አይደለም፤ ፍቅር ይዞት ነው። ብረቱን ለቃቀመ፣ ሦስት ስቴፐር ሞተሮች አገኘ። የቀረው መብራቱን ለሞተሮቹ አስተካክሎ የሚመግብ ፓወር ሰፕላይ ነበር። አዲሱ ከአቅሙ በላይ ሆነበትና ከአሮጌ ማሽን የተፈታ ልንፈልግ ምናለሽ ተራ ወረድን። እኔ ደብተሬን ይዤ «ጸሐፊ» ሆኜ ተሾምኩ።

እንደ እኔ «ፓወር ሰፕላይ ያው ፓወር ሰፕላይ ነው» የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። መጀመሪያ ያየነው የኮምፒውተር ነበር። ሻጩ ልጅ «500 ዋት ነው፣ ፋብሪካ ያንቀሳቅሳል!» አለን። ወንድሜ ሳቀና «ዋቱን ተይው፣ ቮልቱን አንብቢ» አለኝ። ከፍተኛው 12 ቮልት ነው። የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ቶሎ እንዲገባበት አይፈቅድም፤ ሞተሩ ሲፈጥን ደግሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ የሚገፋው ቮልት ከፍ ማለት አለበት። አለዚያ ሞተሩ ጉልበት ያጣና እርምጃ ይዘላል። የሚገርመው፣ ማሽኑ መዝለሉን አያውቅም። የተሳሳተ ቦታ ላይ ሆኖ ልክ ነኝ ብሎ መቅረጹን ይቀጥላል።

ቮልቱ ከመጠን በላይም መሆን የለበትም። ሞተሮቹን የሚነዳው ድራይቨር የሚችለው እስከ 50 ቮልት ነው። ሞተር በድንገት ሲቆም ደግሞ እንደ ጄኔሬተር ኃይል ስለሚመልስ ክፍተት መተው ያስፈልጋል። በዚህ ሒሳብ 36 ቮልት ተወሰነ። አምፔሩስ? ሦስቱ ሞተሮች እያንዳንዳቸው 3 አምፔር ናቸው፣ ድምሩ 9። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሙሉውን ስለማይስቡ በልማድ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 6 አምፔር፣ ይበቃል።

አንድ አዛውንት ዘንድ 36 ቮልት፣ 10 አምፔር የሚል አገኘን። ወንድሜ ዋጋ ሲከራከር እኔ የተለጠፈበትን ጽሑፍ ገለበጥኩ። «ሁሉንም አይተሻል?» አለኝ። «አዎ!» አልኩ። 2,500 ብር ተቆጠረ።

ማታ ሶኬት ላይ ሲሰካው ጓ! አለ። ጭስ በጭስ ሆንን፣ የቤቱ መብራት ድርግም አለ፣ እናቴ «በስመ አብ!» እያለች ወጣች። ደግነቱ ሰው አልተነካም። ወንድሜ «ሽማግሌው የሞተ ዕቃ ሸጠልኝ» እያለ ተኛ።

እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዕቃውን በሞባይሌ መብራት ሳገላብጠው ጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ ስዊች አየሁ። 115 ላይ ነበረች። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ስዊቿ 115 ላይ ስትሆን ዕቃው የገባለትን ቮልት እጥፍ እንዲያደርግ ነው የተሠራው፤ እያንዳንዳቸው 200 ቮልት ብቻ የሚችሉት ካፓሲተሮች ከ300 በላይ ተጫነባቸው። ጽሑፉ ላይም ስለሚገባው ቮልት አንድ መስመር ነበር። እኔ የገለበጥኩት የሚወጣውን ብቻ ነው።

ጠዋት ታክሲ ውስጥ ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ሱቁ ስንደርስ ወንድሜ በሰው ፊት «ያጭበረበሩኝ እርስዎ ነዎት!» አለ። አዛውንቱ መልስ አልሰጡም። ዕቃውን ተቀብለው ገለበጡ፣ ቀይዋን ስዊች አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ፊቴ ሳይናገርብኝ አልቀረም።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሙሉውን አላነበብኩትም» አልኩ። ወንድሜ ዝም አለ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው። እርማት ስሕተቱ በወጣበት ገጽ ላይ ይውጣ ስንባል የኖርነው ይኸው ነው። የእኔ እርማት ግን ዘግይቷል፤ በታክሲው ውስጥ ብናገር ኖሮ አዛውንቱ ባልተሰደቡ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ትላንት ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አሉኝ። ከዚያም ሌላ 36 ቮልት አወጡ፤ ስዊቿን ራሳቸው አስተካከሉ። ሦስት የመኪና አምፖሎች አከታትለው አያያዙና ቴስተር ደቀኑበት። ባዶውን 36 ይል የነበረው አምፖሎቹ ሲበሩ ወደ 20ዎቹ ወረደ። «ሥራ ሳይጫንበት ሁሉም 36 ይላል» ብለው ወደ ጎን ጣሉት። ሦስተኛው አልተነቃነቀም። ቅናሽ አደረጉልን፤ የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ለሞባይል ብዬ ካጠራቀምኩት።

ማሽኑ አሁን ይሠራል። እኔም ዜና ጽፌ ሳስረክብ «ሁሉንም አይተሻል?» የሚለው የወንድሜ ድምፅ ይመጣብኛል። «አዎ» ከማለቴ በፊት ወረቀቱን ገልብጬ ጎኑን አያለሁ።

ቸር ይግጠመን።