ቡሄና ይድነቃቸው ተሰማ

ነሐሴ 13 ለእኛ ለደብረ ታቦር ሰዎች ከሌላው በዓል ይለያል፤ በዓሉና ከተማችን ስማቸው አንድ ነው። በዚህ ቀን አብሮ እንዲታወስልኝ የምፈልገው አንድ ሰው አለ፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ፣ ጅማ ተወለዱ። ያረፉት ደግሞ በ1979 ዓ.ም. በዚሁ በቡሄ ዕለት ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው በመሩት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ነው። እኔ ግን ተጫዋቹን ላስታውሳችሁ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ በ365 ጨዋታ 318 ግብ ተመዝግቦላቸዋል። ያኔ ኳስ እንጀራ አይሆንም ነበር። የፊርማ ገንዘብ የለ፣ ደላላ የለ፤ ማሊያው የሚለበሰው ለፍቅሩ ነው።

የወጣትነት ዘመናቸው ከጣሊያን ወረራ ጋር ገጠመ። ፋሺስቶቹ ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት ከለከሉ። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሜዳው "አንተ ከእኛ ጋር አትሰለፍም" የተባለ ወጣት ያን ቀን የሚረሳው አይመስለኝም። የኋላ ሥራቸውን ሳይ ሥሩ እዚያ ይታየኛል።

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ ለኢትዮጵያ የደረሰቻት ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም ስትል ከውድድሩ ተሰረዘች። ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራቾች አንዱ የነበሩት ይድነቃቸው ነገሩን በዚያ አልተዉትም፤ በ1968 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እስኪያባርር ድረስ ተሟገቱ።

ዓለም ዋንጫም ላይ እንዲሁ። ለአፍሪካ አንድ ቀጥተኛ ቦታ እንኳ ሲነፈግ፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አህጉሩ የ1958ቱን ውድድር እንዲተው ካስተባበሩት መካከል ናቸው። ቦታው ተገኘ፤ በ1962 ዓ.ም. ሞሮኮ ሜክሲኮ ላይ ተጫወተች። ዛሬ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ስትጫወት የምናየው ያኔ አንሄድም ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ከሁሉ በላይ የምወድላቸው ግን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.ን ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በእሳቸው አሠልጣኝነት፣ ብሔራዊ ቡድናችን ሁለት ጊዜ ከመመራት ተነስቶ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ወንድሙ ኢታሎም ጎል አገባ። አራተኛዋን መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥሮ ጨዋታውን ዘጋው። በቀለም ተለይተው ያደጉት ሰው በተራቸው ማንንም በቀለሙ አልለዩም። ለእኔ ከ318ቱም ግብ ይህ ይበልጣል።

ሰሞኑን በየመንደራችን ጅራፍ ሲጮኽ ይውላል። ሆያ ሆዬ ሲሉ የዋሉት ልጆች ሙልሙላቸውን እንደያዙ ጭቃው ላይ የካልሲ ኳስ ይለጋሉ፤ ካልሲው ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ታጭቆበት በሲባጎ የተተበተበ ኳስ። እነዚህ ልጆች የአውሮፓ ተጫዋቾችን ከነማሊያ ቁጥራቸው ይጠሩልሃል። ይድነቃቸውን የነገርናቸው ግን ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ ለከተማችን መምህራን፣ አሠልጣኞችና ነጋዴዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። በየዓመቱ በቡሄ ሰሞን በይድነቃቸው ተሰማ ስም የታዳጊዎች ውድድር እናዘጋጅ። ከፋርታም፣ ከጉና ሥርም፣ ከከተማውም ልጆች ይምጡ፤ ዘርና ሰፈር ሳይለይ ተደባልቀው ይሰለፉ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ተነስቶ ታሪካቸውን ይንገራቸው። ወጪው ትንሽ ነው። ማሊያና ኳስ በማዋጣት መጀመር የምትፈልጉ ከታች ጻፉልኝ።