አራሷ ንግሥት ጉንዳን

እኔ ዛሬ ስለ ጉንዳን ነው የማወራችሁ።

ሚያዝያ ላይ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት ግቢያችን ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጉንዳኖች አገኘሁ። ክንፋቸውን ጥለዋል። ንግሥት ጉንዳን ከወንዱ ጋር ከተገናኘች በኋላ ክንፏን ጥላ ጉድጓድ እንደምትቆፍር የሳይንስ መምህራችን ነግረውን ስለነበር ወዲያው አወቅኳቸው። ሁለት የመድኃኒት ብልቃጥ አጠብኩ። ከሥር ውኃ፣ በላዩ ጥጥ አድርጌ ለየብቻ አስገባኋቸውና አፉን በጥጥ ደፈንኩት።

አንደኛዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኳት። እንቁላል ስትጥል ደስ ብሎኝ በየቀኑ እየከፈትኩ ለጓደኞቼ አሳየሁ። በሳምንቱ እንቁላሎቹ የሉም፤ ራሷ በልታቸዋለች! ቆይታም ሞተች። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ አልቅሻለሁ።

አያቴ ግን አይታኝ ኖሮ «አንተ ልጅ፣ የአራስ ቤት በየቀኑ ይከፈታል እንዴ?» አለችኝና ሁለተኛዋን በጨርቅ ሸፍና ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተቻት። «ይርባታል እኮ!» ብላት አልሰማችኝም። ለካ እንዲህ ዓይነቷ ንግሥት የመጀመሪያ ልጆቿ እስኪደርሱ ምግብ አትፈልግም። የክንፏ ጡንቻ ሳይቀር እየሟሟ፣ ከገዛ ሰውነቷ ነው የምታሳድጋቸው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ስንከፍት አምስት ትንንሽ ጉንዳኖች እናታቸውን ከበዋል! አንድ ጠብታ የስኳር ውኃ ሰጠናቸው።

ልጆች፣ ንግሥት ከያዛችሁ ጨለማ ውስጥ አስቀምጣችሁ ተዉአት። እኔ የመጀመሪያዋን ጠልቻት አይደለም የገደልኳት፤ አላስቀምጥ ብያት ነው።