ትእዛዝ መስጠትና ትእዛዝ መፈጸም

ሰው ሁሉ በየማዕርጉ አዛዥም ታዛዥም ነው። ዳሩ ግን ትእዛዝ በመሰጠቱና በመፈጸሙ መካከል ምን ያህል ርቀት እንዳለ የሚያስተውል ጥቂት ነው። እኔም በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ብዙ ዘመን ሳገለግል ይህን ነገር በደንብ የተረዳሁት በችሎት ሳይሆን በአንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መጫወቻ ፊት ነው።

ባለፈው ክረምት በጀርመን አገር የሚኖረውን ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። በቤቱ ምድር ቤት ከልጁ ጋራ የሠራው ትንሽ የባቡር መንገድ አለ። ሎኮሞቲቩና ፉርጎው ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ፥ የሐዲዱም ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጣቢያ፥ ድልድይ፥ የሐዲድ መገንጠያ፥ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራ ምልክትም ሁሉ አለው።

አሠራሩ ዲጂታል የሚባለው ነው። ሞተሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክና ትእዛዙ በአንድነት በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ፥ እንደዚሁም እያንዳንዱ መገንጠያ፥ ዲኮደር የሚባል ትንሽ መሣሪያና የራሱ ቍጥር አለው። ትእዛዙ ለሁሉም ይደርሳል፤ የሚፈጽመው ግን ቍጥሩ የተጠራው ብቻ ነው። ይህም በችሎት ደጅ የባለጉዳይ ስም ሲጠራ እንደሚሆነው ያለ ነው።

አንድ ቀን ማታ ልጁ «አጎቴ፥ ዛሬ ጣቢያውን እርስዎ ይምሩ» ቢለኝ ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ። ፈጣኑ ባቡር በዋናው መንገድ እንዲያልፍ ሰባተኛውን መገንጠያ አዘዝሁ። በሰሌዳው ላይ መብራቱ በራ፤ ምልክቱም አረንጓዴ ሆነ። ባቡሩ ግን ወደ ጎን ሐዲድ ገብቶ ከቆመው ፉርጎ ጋራ ተጋጨ፤ ልጁ ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቅሞ የገዛው ሎኮሞቲቭም ከገበታው ላይ ወድቆ ተሰበረ። ብንመረምር፥ አንዲት የጠጠር ቅንጣት በመገንጠያው ምላስ ሥር ገብታ እንዳይነቃነቅ ይዛው ኖሯል። ወንድሜም «ጋሼ፥ ምልክቱ የነገረዎ ማዘዝዎን ነው እንጂ መንገዱ መለወጡን አይደለም» አለኝ።

ይህ ቃል ልቤን ወጋው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ እስረኛ በዋስ እንዲለቀቅ ዳኛው ያዘዙትን ጽፌ፥ ማኅተም አስደርጌ፥ ለመልእክተኛ ከሰጠሁ በኋላ፥ በመዝገቡ ላይ «ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ ግን ከሌላ ፋይል ጋራ ተደባልቆ አምስት ቀን ቈየ። በስድስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ወደ መስኮቴ መጥተው «ልጄ፥ ወረቀቱ ተፈታ፤ የወለድሁት ግን አልተፈታም» አሉኝ። መዝገቡን ገልጬ «ተፈጽሟል» የሚለውን የገዛ እጄን ጽሕፈት ሳይ ያፈርሁትን ኀፍረት እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም ነበር።

ምድር ባቡርን የሠሩት ሰዎች ይህን አደጋ ቀድመው አውቀውታል። እንግሊዛዊው ጆን ሳክስቢ እ.ኤ.አ. በ1856 መገንጠያና ምልክት ተያይዘው እንዲሠሩ የሚያደርግ መሣሪያ በስሙ አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1889 በአየርላንድ አርማ አጠገብ በደረሰው የባቡር አደጋ ብዙ ሰዎች፥ ይልቁንም ሕፃናት፥ ካለቁ በኋላ የእንግሊዝ ፓርላማ በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ መንግሥት እንዲህ ያለውን ማያያዣ በኩባንያዎቹ ላይ ለማዘዝ ሥልጣን አገኘ።

እኛም የቀሩትን ቀኖች በጥገና አሳለፍን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁት እንግሊዝኛ የመሣሪያውን መመሪያ እያነበብሁ፥ ልጁ ከገበታው በታች ተኝቶ ሽቦውን ያያይዝ ነበር። በየመገንጠያው ምላሱ ቦታውን ሲይዝ ብቻ የሚነካ ትንሽ ማብሪያ አደረግን፤ እርሱም ወሬውን ወደ ኮምፒዩተሩ ይመልሳል። መልሱ ካልመጣ፥ መቶ ጊዜ ቢታዘዝም፥ ምልክቱ ቀይ እንደ ሆነ ይቀራል። ልጁም ለሙከራ ጠጠሯን በፈቃዱ መልሶ አስገባት፤ ቀዩም መብራት አልተለወጠም። ስለ ተሰበረው ሎኮሞቲቭ ይቅርታ ብጠይቀው «አሁን እርስዎም እኔም አናጠፋም» አለኝ።

ወደ አገሬ ስመለስ በመዝገቤ ላይ አንድ ዐምድ ጨመርሁ። በአንደኛው ትእዛዙ የወጣበት ቀን፥ በሁለተኛውም ከእስር ቤቱ የመልስ ወረቀት የደረሰበት ቀን ይጻፋል። ሁለተኛው ባዶ ሲሆን «ተፈጽሟል» የሚለውን ቃል አልጽፍም፤ ስልክ እደውላለሁ፥ ካልሆነም ራሴ እሄዳለሁ።

በልጅነቴ የኔታ ዳዊት ሲያስተምሩን «ሰማህ ወይ?» ብለው አይጠይቁንም ነበር፤ «በልልኝ» ይሉን ነበር እንጂ። እንግዲህ በቤት ልጅን፥ በመሥሪያ ቤትም ሠራተኛን የምናዝ ሁላችን፥ ያዘዝነው ተፈጽሟል ከማለታችን በፊት መልሱን እንጠብቅ።