ሆንግ ኮንግ በጥቂት ሳንቲም

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ሆንግ ኮንግ ግን ሳያዩአትም ከሚናፍቋቸው ከተሞች አንዷ ናት። በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በሲኒማ ውስጥ፣ በመጽሔት ገጽ ላይ ሁላችንም አይተናታል፤ ከፊት ለፊቷ ባሕር፣ ከኋላዋ አረንጓዴ ተራራ፣ በመካከሉም እንደ ጧፍ ተሰልፈው የቆሙ ፎቆች።

ውድ አንባቢ፣ እኔም ይህችን ከተማ ለሦስት ቀን ጐብኝቼ ተመልሻለሁ። ሦስት ቀን አንድን ከተማ ለማወቅ አይበቃም፤ ለማየት ግን ይበቃል። ኪሴም እንደ ብዙዎቻችን ኪስ ቀላል ስለ ነበረ፣ ያየሁት ሁሉ በእግሩና በሕዝብ መጓጓዣ የሚሄድ ሰው የሚያየውን ነው። በዚህም አላዘንሁም። የአንድ ከተማ ትልቅነት የሚታወቀው፣ ጥቂት ሳንቲም የያዘ ሰው በዚያች ሳንቲም ምን እንደሚያገኝ ሲታይ ነው ብዬ አምናለሁና። እስቲ እርስዎም በዚሁ ሚዛን መዝነው ይፍረዱ።

አስቀድሞ ስለ አቀማመጧ ጥቂት ልንገርዎ። ሆንግ ኮንግ ማለት በቻይና ቋንቋ «መልካም መዓዛ ያለው ወደብ» ማለት ነው። ዋናው ከተማ በባሕር ለሁለት ተከፍሏል፤ በደቡብ ደሴቲቱ፣ በሰሜን ደግሞ ከቻይና ምድር ጋር የተያያዘው ካውሉን አለ። በመካከላቸው ያለው ወሽመጥ ጥልቅና ከማዕበል የተከለለ ስለ ሆነ ለመርከብ እጅግ የተመቸ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ልጥቀስና፣ እንግሊዞች ቻይናን በኦፒየም ጦርነት ድል ነሥተው በ1842 ደሴቲቱን ወሰዱ፤ በ1860 ካውሉንን ጨመሩ፤ በ1898 ደግሞ በስተሰሜን ያለውን ሰፊ ምድር ለ99 ዓመት ተከራዩ። ኪራዩ ባለቀ ጊዜ፣ በ1997፣ ሁሉም ወደ ቻይና ተመለሰ። ዛሬ ከሰባት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይኖርባታል። የቆዳ ስፋቷ 1,100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ብዙው ተራራ ስለ ሆነ ቤት የተሠራበት ከአራት እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ሰው በሰው ላይ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ የተነባበረበት ምክንያት ይኸው ነው።

ያረፍሁት በካውሉን በኩል ነበርና በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድሁ። እዚያ በ1915 የተሠራ፣ 44 ሜትር ከፍታ ያለው የቀይ ጡብ የሰዓት ማማ ቆሟል። የቀድሞው ምድር ባቡር ጣቢያ ቅሪት ነው፤ ጣቢያው ሲፈርስ ማማው ብቻ ተረፈ። የለገሃርን ጣቢያ ለሚወድ የአዲስ አበባ ሰው ልብ የሚነካ ነገር ነው።

ከማማው አጠገብ ስመ ጥሩው «ስታር ፌሪ» የተባለው ጀልባ ይሳፈሩበታል። ጀልባዎቹ አረንጓዴና ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው፤ ስማቸውም ሁሉ በኮከብ ይጠራል፤ አንደኛዋ ለምሳሌ «የንጋት ኮከብ» ትባላለች። ድርጅቱን የመሠረተው በ1888 ከሕንድ አገር የመጣ ዶራብጂ ናኦሮጂ የተባለ ሰው ሲሆን፣ አስቀድሞ የወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር ይባላል። እኔ በሄድሁበት ጊዜ የሥራ ቀን ዋጋው በላይኛው ፎቅ አምስት፣ በታችኛው አራት የሆንግ ኮንግ ዶላር ነበረ። በዚያ ከተማ አንድ ስኒ ቡና የሚጠጣው የዚህን ብዙ እጥፍ ተከፍሎ ነው።

መሻገሪያው ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሰማያዊ የባሕረኛ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ጫፉ ቆልማማ በሆነ ረጅም ዘንግ ገመዱን ይቀበላል፤ መረማመጃው በሰንሰለት ይወርዳል፤ ሕዝቡም ሳይጋፋ ይገባል። የእንጨት መቀመጫዎቹ መደገፊያቸው ወዲህና ወዲያ የሚገለበጥ ነው፤ ጀልባው ሳይዞር ስለሚመለስ፣ መንገደኛው ፊቱን ወደሚሄድበት እንዲያደርግ ነው የተሠራው። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ቋንቋ ባንግባባም በእጃቸው ገልብጠው አሳዩኝና ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ ነፋሱ፣ የናፍጣው ሽታ፣ በስተግራና በስተቀኝ የሚያልፉት መርከቦች፣ ከፊት እያደጉ የሚመጡት ፎቆች! ባለ ሚሊዮኑም ባለ አራት ዶላሩም የሚያየው ያንኑ ባሕር ነው።

ይሁን እንጂ ይህች ጀልባ የጐብኚ መዝናኛ ብቻ አይደለችም። በ1965 ኩባንያው የአንደኛ ማዕረጉን ዋጋ ከ20 ሳንቲም ወደ 25 ሳንቲም ከፍ ለማድረግ ተነሣ። በ1966፣ በኤፕሪል ወር፣ አንድ የ27 ዓመት ወጣት በጀልባው መሳፈሪያ ተቀምጦ እህል አልቀምስም አለ። በማግሥቱ ፖሊስ ያዘው። በካውሉን ጐዳናዎች ሕዝቡ ተነሣ፤ ለጥቂት ሌሊት ድንጋይ ተወረወረ፤ መኪና ተቃጠለ፤ አንድ ሰው ሞተ፤ ከሺህ የሚበልጡም ታሰሩ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ለአምስት ሳንቲም ነውን? ብለው ይጠይቁ ይሆናል። በአንደኛ ማዕረግ የሚሳፈረውም ድኻው አልነበረም። ነገር ግን ድኻው የአንዱ ነገር ዋጋ ሲነሣ የሩዙም፣ የኪራዩም፣ የአውቶቡሱም እንደሚከተል ከኑሮው ተምሯል። መንግሥቱ መርማሪ ኮሚሽን አቆመ፤ በሹሙና በሕዝቡ መካከል ሰፊ ክፍተት እንዳለም ታወቀ። በ1967 ከዚህ የባሰ ሁከት ከተነሣ በኋላ፣ በ1968 በየሰፈሩ የሕዝቡን አቤቱታ የሚሰሙ ሹማምንት ተመደቡ። በመሥሪያ ቤት መስኮት በስተውስጥ ለምንቀመጥ ሰዎች ይህ ታሪክ ከማንኛውም የአስተዳደር ኮርስ ይበልጥ ያስተምራል ብል ማጋነን አይሆንም። በወረቀት ላይ ትንሽ የሚመስለው አኃዝ፣ ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ ለሚጠብቀው ሰው ትንሽ አይደለም።

ወደ ጉብኝቱ ልመለስ። በሁለተኛው ቀን ቁርስ ለመብላት ወደ አንድ የሻይ ቤት ገባሁ። በዚያ አገር ቦታ ከጠበበ ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ነውር የለውም። እኔም ከአንድ ቤተ ሰብ ጋር ተቀመጥሁ። አስተናጋጁ ትኩስ ሻይ ሲያመጣ እናቲቱ ወዲያው አልጠጡትም፤ መጀመሪያ ሳህኑንና ስኒውን፣ የመብያውንም ዘንግ በሻዩ አለቀለቁና ውኃውን በጐድጓዳ ዕቃ ደፉት። በእኛ አገር ከማዕድ በፊት እጅ የማስታጠብን ልማድ አስታወሰኝ። ቀኑ ረቡዕ ስለ ነበረ ሥጋ እንደማልበላ በምልክት ብነግራቸው፣ ለእነርሱ አዲስ ነገር አልሆነባቸውም፤ ቡድሂስቶችም ጾም ስለሚያውቁ፣ ከአኩሪ አተር የተሠራ ምግብና ጐመን አዘዙልኝ።

ከቁርስ በኋላ ወደ ተራራው ወጣሁ። ከ1888 ጀምሮ በገመድ እየተጐተተ የሚወጣ ባቡር አለ፤ ዳገቱም እጅግ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ፣ ፎቆቹ ወደ ጐን የተዘነበሉ ይመስላሉ። ኪሱ የቀለለ ግን 15 ቁጥር አውቶቡስን ቢይዝ በአነስተኛ ዋጋ ከዚያው ይደርሳል። የተራራው ጫፍ 552 ሜትር ነው። ባቡሩና አውቶቡሱ ከሚያቆሙበት ጥቂት ራቅ ብሎ ተራራውን የሚዞር የእግር መንገድ አለ፤ ዛፍ ያጠላበት፣ ጸጥ ያለ፣ መግቢያም የማይከፈልበት ነው። ከዚያ ሆነው ሲመለከቱ ወደቡ በሙሉ እንደ ገበታ ከፊትዎ ይዘረጋል።

ይህ እይታ ሁልጊዜ ለሁሉ የተፈቀደ አልነበረም። በ1904 የወጣ ሕግ ቻይናውያን በዚያ ተራራ ላይ እንዳይኖሩ ከልክሎ ነበር፤ የጌቶቹ አሽከር ካልሆኑ በቀር። ሕጉ የተሻረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ዛሬ የዚያው አገር አያት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው በዚያው መንገድ ሲንሸራሸሩ አየሁ። ቤት መግዛት ግን አሁንም የባለጠጋ ብቻ ነው፤ ሕግ የተወውን አጥር ገንዘብ ጠብቆታል።

ወደ ታች ስወርድ ባለ ፎቁን ትራም ተሳፈርሁ። ትራሙ ከ1904 ጀምሮ የደሴቲቱን ሰሜናዊ ዳር ይዞ ይመላለሳል። ደወሉ «ዲንግ ዲንግ» ስለሚል ሕዝቡ በዚያው ስም ይጠራዋል። አንድ ፌርማታ ቢሄዱም ከዳር እስከ ዳር ቢጓዙም ዋጋው አንድ ነው፤ እርሱም ከጀልባው ያነሰ ነው። ከላይኛው ፎቅ ፊት ለፊት ቦታ ካገኙ፣ የባንኩን አደባባይ፣ የደረቀ ዓሣ የሚሸጥበትን ገበያ፣ የልብስ ሰፊውን ደጅ፣ ከመስኮት የተሰቀለውን ልብስ ሁሉ እንደ ሲኒማ ያዩታል።

በሦስተኛው ቀን ጐብኚ ወደማይበዛበት ሰፈር ሄድሁ። ሼክ ኪፕ ሜይ ይባላል። በ1953 በገና ዕለት ሌሊት በዚህ ሰፈር የነበሩ የጣውላ ጐጆዎች ተቃጠሉና ከ50,000 በላይ ሕዝብ ሜዳ ላይ ቀረ። መንግሥቱ በችኮላ ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ሠራላቸው። ከእነዚያ አንዱ፣ በ1954 የተሠራው፣ ሙዚየም ሆኖ ቆይቷል። 11 ስኩዌር ሜትር ያህል በሆነች አንዲት ክፍል አምስት ሰው ይኖር ነበር፤ የውኃ ቧንቧውና መጸዳጃው የጋራ ነበር። አልጋው፣ የልብስ ስፌት መኪናው፣ ራዲዮው፣ የልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ በዚያች ክፍል እንደ ነበረ ተቀምጧል። ከዚያ አጀማመር ተነሥቶ፣ ዛሬ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው መንግሥት በሠራው ወይም በደጐመው ቤት ይኖራል።

የውኃውም ነገር እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ሰው ይህን መንገር ያስፈልጋል። በ1963 በታላቅ ድርቅ ምክንያት ሆንግ ኮንግ ውኃ የምታገኘው በአራት ቀን አንድ ጊዜ፣ ለአራት ሰዓት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1965 ከቻይና ከዶንግጂያንግ ወንዝ በቧንቧ ውኃ ማስመጣት ተጀመረ። በ1968 ደግሞ አንድ የባሕር ሰርጥ በግድብ ተዘግቶ፣ ጨው ውኃው ተቀድቶ ወጣና የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ሆነ። መጸዳጃ ቤቶቹም እስካሁን የሚታጠቡት በአብዛኛው በባሕር ውኃ ነው፤ ጣፋጩን ውኃ ለመጠጥ ለመቈጠብ ሲባል።

ነገር ግን ሚዛን ሁለት ወገን አለውና ሌላውንም ልንገርዎ። በዚህች ባለጠጋ ከተማ ከ200,000 የሚበልጥ ሕዝብ አንድ ቤት ለብዙ ተሸንሽኖ በተሠራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይኖራል። የመንግሥት ቤት ለማግኘት ተራ የሚጠብቀው ሰው ዓመታት ይቈጥራል። ማታ ከባሕሩ ዳር ቆመው ያ ሁሉ መብራት በውኃው ላይ ሲጫወት ሲያዩ፣ ከመስኮቶቹ ብዙዎቹ ምድጃውና አልጋው በአንድ ክንድ የሚደረስበት ክፍል መስኮት እንደ ሆኑ ማሰብ ይገባል። ከተማይቱ ለድኻው መንገዱን ርካሽ አድርጋለታለች፤ ውኃውን አምጥታለታለች፤ ማደሪያውን ግን ለሁሉም ገና አላዳረሰችም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው።

ምናልባት እርስዎም አንድ ቀን ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደዚያ ወገን ይላኩ ይሆናል። ወደ ጓንጁ ለንግድ የሚመላለሱ ወገኖቻችንም ሆንግ ኮንግ ቅርባቸው ናት። እንግዲያውስ የሱቁን መስታወት አይተው ብቻ አይመለሱ። በጀልባው ይሻገሩ፤ በትራሙ ከዳር እስከ ዳር ይሂዱ፤ ተራራውን በእግርዎ ይዙሩ፤ ሼክ ኪፕ ሜይንም ይርገጡ። ወደ አገርዎ ሲገቡ ለወዳጅ የሚሰጥ ስጦታ ባይይዙ እንኳ አንድ ጥያቄ ይዘው ይምጡ፤ ይኸውም፦ በእኛስ ከተማ አምስት ብር የያዘ ሰው ወዴት ይደርሳል? የሚለው ነው። መልሱን የሚሰጡት ሹማምንት ነገ የሚሆኑት፣ ዛሬ ይህን ገጽ የሚያነቡት ተማሪዎችና ጸሐፊዎች ናቸው።