በወጨጫ ተራራ ያደርንባት ሌሊት

በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖር ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ፊቱን ወደ ምዕራብ ቢመልስ የወጨጫ ተራራ ይታየዋል። ልጆቻችን ይህን ተራራ ከተወለዱ ጀምሮ ያዩታል፤ ደመና ሲለብስ ዝናም እንደ ቀረበ ያውቁበታል፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ እግራቸው ረግጦት አያውቅም ነበር። እኛም መምህር እንደ መሆናችን ስለ አገራችን ተራሮችና ዛፎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ጽፈናል፤ በዓይናችን ፊት የቆመውን ግን ወስደን አላሳየናቸውም። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. የአድዋ ድል በዓል የካቲት 23 ቀን ሰኞ ስለ ዋለ፥ ከአንድ ጎረቤታችን ቤተሰብ ጋራ ተማክረን አንዲት ሌሊት በዚያ በድንኳን ለማደር ቈረጥን።

ጊዜው ዐቢይ ጾም፥ ዋዜማውም የቅድስት እሑድ ነበረ። ቅዳሴ አስቀድሰን ከወጣን በኋላ ዳቦ፥ ቈሎ፥ በሶና ሽሮ ሰንቀን፥ ሁለት ድንኳንና ለየሰዉ አንድ አንድ ጋቢ ጭነን፥ በተከራየነው መኪና በዐየር ጤና በኩል የጅማን መንገድ ያዝን። ሰበታ በደረስን ጊዜ የጌቴሴማኒ ማርያምን ገዳም ተሳለምን። ሰበታ ከተራራው ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ዛሬ ፋብሪካ በዝቶባታል፤ ሆኖም ቀና ብሎ ላያት ሰው ተራራው እንደ ጥንቱ ከበላይዋ ነው። ከዚያ አስፋልቱን ትተን፥ አቧራማውን መንገድ ተከትለን፥ የታጨደውን ማሳና የባሕር ዛፉን ተክል እያለፍን ወደ ሱባ ወጣን።

ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሲገቡ አስቀድሞ የሚለወጠው ብርሃኑ ነው። ጽዱ፥ ዝግባውና ወይራው ከላይ ተያይዘው ፀሐይን ይከለክላሉ፤ ጉሬዛዎች ነጭ ለምዳቸውን እያርገበገቡ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። የደኑ ጠባቂ የሆኑ አንድ ሽማግሌ በእንግድነት ተቀብለው ድንኳን የሚተከልበትን ገላጣ ቦታ አሳዩን። «እሳት በዚህ በተመነጠረው ላይ ብቻ ይነድዳል፤ እንጨቱም የወደቀ ደረቅ ይሁን» ብለው አስጠነቀቁን። እኛ ግን ብርዱ ሲጀምር ልጆቹን «እንጨት ልቀሙ» ብለን ሰደድናቸው እንጂ የሽማግሌውን ቃል አልነገርናቸውም።

የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ክንዱን ሞልቶ ደስ ብሎት ተመለሰ። በጭራሮው መካከል ግን ከነሥሩ የተነቀለ፥ ቁመቱ ስንዝር የማይሞላ ለምለም ችግኝ ነበረ። ሽማግሌው አንሥተው በመዳፋቸው ያዙትና «መምህር፥ ይህ ስንት ዓመት የሆነው ይመስልዎታል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። «ጽድ ነው፤ አራት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ከብት ሳይበላው፥ ሰው ሳይረግጠው እዚህ ደርሶ ነበር» አሉ፤ ልጁንም አልተቈጡም። ልጃችን «አባባ፥ ጽድ መሆኑን አላወቅሁም» ብሎ አለቀሰ። በክፍል ውስጥ የጽድን ሥዕል አሥሎ ሙሉ ማርክ ያገኘ ልጅ ነው! ያን ጊዜ ያፈረው ተማሪው ሳይሆን መምህሩ ነበረ።

እሳቱን ቶሎ አጠፋን፤ ጋቢ ተከናንበን ዳቦና ቈሎ እየተካፈልን በጨለማ ተቀመጥን። በእሳቱም ፈንታ ታሪክ ተጫወትን። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከአንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ፍሬ አስመጥተው በዚህ ተራራ እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል። ጽድ ለማደግ ስለሚዘገይ፥ ያስተከለው ንጉሥ ጥላውን ሊጠለልበት አልተከለውም። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው እንጨት አለቀ። ዐፄ ምኒልክም ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአዲስ ዓለም ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ። ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ በቶሎ እያደገ፥ ሲቈረጥም እያቈጠቈጠ ማገዶ ስለ ሆነ ከተማይቱ ከመፈታት ዳነች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ልጆቹ የዋና ከተማ ዕድል በማገዶ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበረ ሲሰሙ እጅግ ተደነቁ።

በማግሥቱ ማለዳ ሽማግሌው እየመሩን ወጣን። ወጨጫ ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው፤ ራሱም 3,385 ሜትር ከፍታ አለው። ጽዱ እያነሰ ሄደ፤ ኮሶ መጣ፤ ከዚያ በላይ ሽበት በመሰለ የዛፍ ሽበት የተሸፈነ አስታ፥ በመጨረሻም ሣርና ነፋስ ብቻ። በምሥራቅ በኩል አዲስ አበባ በጢስ መጋረጃ ውስጥ ተኝታ ታየች። ልጆቹ «ቤታችን የቱ ነው?» እያሉ ፈለጉ፤ አላገኙትም። ከመውረዳችንም በፊት ሽማግሌውና ልጃችን ያችን ችግኝ ከድንኳናችን አጠገብ ጕድጓድ ምሰው መልሰው ተከሏት፤ ውኃም አጠጧት። ሽማግሌው «ከዳነች ዳነች» አሉ እንጂ ተስፋ አልሰጡትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፥ መጋቢት 7 ቀን፥ ስለ ኮሮና በሽታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እንደ ገና ሄደን ችግኟን ለማየት ሳንችል ቀረን። በዚያው ወራት ሕዝቡ እየተራራቀ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጪ ቆሞ በሚጸልይበት ጊዜ፥ ልጃችን ነጠላችንን ሳብ አደረገና ከአጥሩ በላይ የሚታየውን ረዥም ዛፍ እያመለከተ «አባባ፥ ያ ጽድ ነው» አለን። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሳለም ከሥሩ ያልፍ ነበር፤ እኛም እንዲሁ።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ በበዓል ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመውጣት ብታስቡ፥ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጋቢ አብዙ፤ የጠባቂውንም ቃል ለልጆቹ ሳታስቀሩ ንገሩ። ለመሄድ ካልተመቻችሁ ደግሞ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአጥቢያችሁ ዐጸድ ጥቂት ቈዩና የዛፎቹን ስም አንድ በአንድ ለልጆቻችሁ አስታውቋቸው። ስሙን የማታውቁት ቢኖር፥ እኛ እንዳደረግነው ከልጆቹ ጋራ ሆናችሁ ሽማግሌ ጠይቁ።